የቆጣሪው ማኅተምና የአያ ፈንታ ቃል

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴ ሙሉነሽ ግማሹን ታውቃለች፤ ሌላውን ግማሽ እንደማታውቅ ሆና ትኖራለች። የንስሐ አባቴ በየዓመቱ «ሌላስ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» እያልሁ ስንት ዐቢይ ጾም ተሻገርሁ። ለእሳቸው የደበቅሁትን አሁን ለማላውቅህ ለአንተ ጽፌ ልነግርህ ነው። ለምን? አንተ ፊት መቀመጥ ስለሌለብኝ ይሆናል። እንዲህ ያለ ፈሪ ነኝ።

ቢቸና ውስጥ ወፍጮ ቤት አለኝ። አስተማሪዬ ገበያ ነው፤ ጤፍ እርጥብ መሆኑን በጥርሴ፣ ሰው ሊያታልለኝ መምጣቱን ከአረማመዱ አውቃለሁ። ራሴን ግን እንዲህ አድርጌ መርምሬ አላውቅም ነበር።

ከበደሌ በፊት የተበደልሁትን ልንገርህ። እንድታዝንልኝ ብዬ አይደለም። ንዴቱ ዛሬም ስላለቀቀኝ ነው፤ ንዴቴን ሳታይ ኃጢአቴ አይገባህም።

ወፍጮ በሦስት መስመር ኃይል ነው የሚሠራው። አንድ ቀን አንዱ መስመር ጠፋና ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። አመለከትሁ፤ ቴክኒሻን ተላከ። ወጣት ነው፣ ቢጫ ሰደርያ ለብሷል። መሰላሉን በረንዳው ላይ አስደገፈና ወጣ። ቆጣሪው ላይ በቀጭን ሽቦ የታሰረች ትንሽ የእርሳስ ማኅተም አለች፤ ማንም እንዳይከፍተው መሥሪያ ቤቱ ያሰራት ናት። እሷን በፒንሳ ቆረጣት፣ ከፈተ፣ የላላውን ሽቦ አጠበቀ፣ ዘጋ። «ማኅተም አልያዝሁም፤ ነገ መጥቼ አስርልዎታለሁ» አለኝ። ያ ነገ እስከ ዛሬ አልነጋም። ይህን ሲሠራ ያየነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ሙሉነሽና ባለቤቷ በር ላይ አስሯት ገበያ የሄደ፣ እህል የተጫነች አንዲት አህያ።

ጥር ገባ። ጥር ለወፍጮ ቤት ምን እንደሆነ የማያውቅ ካለ ልንገረው፤ ሠርግ ነው፣ የጠላ እህል ነው፣ የእንጀራ ዱቄት ነው፣ ሰልፉ በር ድረስ ነው። በዚያ ሰልፍ መካከል ሁለት ተቆጣጣሪዎች መጡ። ቆጣሪውን ቀና ብለው አዩ፣ እርስ በርስ ተያዩ፣ ከዚያ አንደኛው ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ «ማኅተም ተሰብሯል፤ ኃይል ሰርቀሃል» አለኝ። እስቲ እናጣራ የለ፣ እስቲ ጠይቁ የለ። መስመሬን ከምሰሶው ላይ ቆርጠው፣ የቅጣት ወረቀት እጄ ላይ አስቀምጠው፣ ሽቦውን እንደ ገመድ ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። ሴቶቹ ጤፋቸውን መልሰው አህያ ላይ ጫኑ። አንዷማ «እኔ እኮ ድሮም ዋጋው ሲረክስብኝ ጠርጥሬ ነበር» አለች። እስከዚያ ቀን ውድ ነው እያለች ስትጨቃጨቀኝ የኖረች ሴት ናት!

በሳምንቱ ስሜ ተለወጠ፤ ጋሻው ባለ ወፍጮው መሆኑ ቀርቶ የመብራት ሌባው ሆንሁ።

ቢሮ ሄድሁ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱ ሄድሁ፤ ሲስተም የለም። በሦስተኛው ቀን ማመልከቻህን በሁለት ኮፒ አምጣ ተባልሁ፤ ኮፒ ቤት ስሄድ መብራት የለም። መብራት ያለ አግባብ ተቆረጠብኝ የሚለውን ወረቀት ለማባዛት መብራት እስኪመጣ ግማሽ ቀን ተቀመጥሁ። የምስቅ መስሎህ ከሆነ ያን ጊዜ አልሳቅሁም። ማኅተሙን የቆረጠው የራሳችሁ ሰው ነው፤ ስሜ ይታደስልኝ፣ የቆምሁበት ቀን ይካሰኝ አልኋቸው። የላካችሁትን ሰው መዝገብ አውጡ አልኋቸው። «ፋይሉ አልተገኘም» አሉኝ። ያልተገኘ ፋይል ነው እንግዲህ እኔን ሌባ ያደረገኝ።

በመጨረሻ ጉዳዩ ሦስት ሰው ለሚቀመጥበት ቅሬታ ሰሚ ተመራ። ሰብሳቢዋ ሴት ነበረች፤ ጨዋ ናት፣ እሷን አልወቅስም። «ሲፈታ ያየ ምስክር አለዎት?» አለችኝ።

«ሚስቴ አለች።»

«ሚስት አትሆንም።»

«አህያም ነበረች።»

ሁለቱ ወንዶች ሳቁ፤ እሷ አልሳቀችም። «የእርስዎ ቤተሰብ ያልሆነ ሰው ያምጡ» አለችኝ።

ቴክኒሻኑ ወደ ሞጣ ተዛውሮ ነበር። ሞጣ ሄድሁ። ጠይቄ ጠይቄ ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። ከሥር ሆኜ ጮህሁ፦ «አንተ! ቢቸና ላይ የፈታኸውን ማኅተም ረሳኸው?»

ወደ ታች አየኝ። «ጋሼ፣ እኔ የማንንም ማኅተም ፈትቼ አላውቅም፤ ቢቸናን በመኪና መስኮት ነው የማውቃት» አለኝና ወደ ሽቦው ዞረ። ሰው መሬት ላይ ቆሞ ሲዋሽ ብዙ አይቻለሁ፤ ምሰሶ ላይ ሆኖ ሲዋሽ ያን ቀን ነው ያየሁት። ከሞጣ እስከ ቢቸና ያለውን መንገድ ጥርሴን እንዳፋጨሁ ጨረስሁት።

በደሌ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የወፍጮ ቤቴ በረንዳ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ይቀመጡ ነበር፤ አያ ፈንታ ይባላሉ። አሥራ ምናምን ዓመት ያለ ኪራይ ተቀምጠዋል፤ ጠይቄያቸውም አላውቅም። በሰፈሩ ባልና ሚስት ሲጣላ፣ ወንድማማች በድንበር ሲካሰስ፣ መጀመሪያ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። «አያ ፈንታ ብለዋል» ከተባለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ቴክኒሻኑ የመጣ ቀን ግን አልነበሩም። ለእህታቸው ተዝካር የጁቤ ወደምትባለው ከተማ ወርደው ነበር።

ይህን አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው ያደረግሁት።

ከሞጣ በተመለስሁ ማግስት ጠጋ አልኋቸውና «አያ ፈንታ፣ ሜትርዎን ያውሱኛል?» አልሁ።

«ምን ልትለካባት?»

«ይችን በረንዳ። ወፍጮው ከቆመ ምን አደርጋለሁ፤ ዘግቼ መጋዘን ላደርጋት አስቤ።»

እግራቸው ከስፌት መኪናው መርገጫ ላይ ቆመ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ሰጡኝ። «ጫፉን ይያዙልኝ» አልኋቸው። ያዙልኝ። የሚነቀሉበትን በረንዳ እሳቸው አንዱን ጫፍ፣ እኔ ሌላውን ጫፍ ይዘን ለካን። ይውጡ አላልሁም። ቃሉን ከአፌ አላወጣሁትም። ያን ያህል ብልጥ ነበርሁ፤ ማንም ቢጠይቀኝ «እኔ? በረንዳዬን ለካሁ እንጂ ምን አልሁ?» የምልበትን ቀዳዳ አስቀድሜ አዘጋጅቻለሁ። ይህ ብልጠት ነው ወይስ ሌላ ስም አለው?

ከለካን በኋላ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። «አንድ ምስክር ባገኝ እኮ መጋዘኑም አያስፈልገኝም ነበር» አልሁ።

«ምን የሚል ምስክር?»

«ያ ልጅ ማኅተሙን ሲቆርጥ አይቻለሁ የሚል።»

«እኔ እኮ ያን ቀን የጁቤ ነበርሁ ጋሻው።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

«አያ ፈንታ፣ እኔ ዋሽቼዎት አውቃለሁ?»

«ኧረ አታውቅም።»

«እንግዲያው ልጁ ቆርጧል ስልዎት ያምኑኛል?»

«አምንሃለሁ።»

«ካመኑኝማ ያየሁትን እንዳዩት ነው።»

የተለካውን በረንዳ ከዳር እስከ ዳር አዩት። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ከዚያች መኪና በቀር ሌላ መተዳደሪያ አልነበራቸውም፤ ይህንንም አውቃለሁ። መልስ ሳይሰጡኝ እኔ ማስጠናት ጀመርሁ። ሰደርያው ቢጫ ነው አልኋቸው። መሰላሉን በዚህ በኩል ነው ያስደገፈው፤ ፒንሳው ቀይ እጀታ አለው። ልብስ ሲለኩ ቁጥሩን እንደሚይዙት ሁሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዙት።

ቅሬታ ሰሚው ፊት ሲቀርቡ ነጠላቸውን አጣፍተው ነበር። ሰብሳቢዋ ከወንበሯ ተነሥታ አስቀመጠቻቸው። «አባቴ፣ በዓይንዎ አይተዋል?» አለች።

«አይቻለሁ።»

ሌላውን ሁሉ እንዳስጠናኋቸው ተናገሩ። ማንም አልጠረጠራቸውም። እንዴት ይጠረጥራቸው? እኔ የገዛሁት እኮ ይህንኑ ነው፤ ስድሳ ምናምን ዓመት ያልዋሸ አፍ።

ተፈረደልኝ። ቅጣቱ ተነሣ፣ መስመሬ ተቀጠለ፣ ለቆምሁበት ጊዜ ካሳዬ ከወደፊቱ ሒሳቤ ላይ እየተቀነሰ እንዲከፈለኝ ተወሰነ። ማለትም ካሳዬን በመብራት ከፈሉኝ፤ ያውም መብራት ሲኖር። ይቅርታ የሚል ቃል ከአንዳቸውም አፍ አልወጣም። ቴክኒሻኑ ተቀጣ። መቀጣቱ ይገባው ነበር፤ ዛሬም ይገባዋል እላለሁ።

ልጁ በአንድ የገበያ ቅዳሜ ከሞጣ መጣ። ወፍጮ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ወደ እኔ አልመጣም፤ በቀጥታ አያ ፈንታ ፊት ቆመ።

«አባቴ፣ ማኅተሙን የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ካድሁ። አጥፍቻለሁ፤ ቅጣቴንም ተቀብያለሁ።» ወደ ስፌት መኪናቸው ጠቆመ። «እርስዎ ግን አላዩኝም። መኪናዎ ሸራ ለብሶ ነበር። መሰላሌን የተከልሁት ይቺ በርጩማዎ ባለችበት ቦታ ላይ ነው። የት ሆነው ነው ያዩኝ?»

ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ። አያ ፈንታ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ በሩ ላይ፣ እጄ ማብሪያው አጠገብ ቆሜ ነበር።

«ጋሻው...» አሉ።

አንዲት ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። «እኔ ነኝ ያስገደድኋቸው» ብል። አልተናገርሁም። ማብሪያውን አነሣሁት። ወፍጮው ውስጥ አንዲት ፍሬ እህል አልነበረችም። ባዶ ወፍጮ እንደማይነሣ ልጅም ያውቃል፤ ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ይባላል። እኔ ባለ ወፍጮው አስነሣሁት። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ፣ ሴቶቹ ጆሯቸውን ያዙ፣ ከድንጋዩ የእሳት ፍንጣሪ ታየ። የአያ ፈንታ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ምን እንዳሉ አልሰማሁም። እንዳልሰማ፣ ማንም እንዳይሰማ ነው ያስነሣሁት። ሌባ ተብዬ የተነጠቅሁትን፣ በስንት ደጅ ጥናት ያስመለስሁትን መብራት ለዚህ ተጠቀምሁበት።

ሳጠፋው ልጁ ሄዷል። አያ ፈንታ ጨርቅ እያጠፉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና ሲጠሯቸው «ዓይኔ ደከመ፤ ሌላ ሰው ፈልጉ» ይላሉ። ይህን የሚሉት በመርፌ ቀዳዳ ክር እያስገቡ ነው። ሰፈሩ አረጁ አለ። እኔም «አዎ፣ አርጅተዋል» አልሁ። ይህንንም አልሁ! ጥቂት ቆይተው መኪናቸውን አስጭነው ሞጣ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሲሰናበቱኝ «እንግዲህ መጋዘንህን ሥራ» አሉኝ። ቂም በድምፃቸው አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

ካቻምና ከፋሲካ በኋላ ሞጣ ሄጄ አገኘኋቸው። የልጃቸው ቤት በር ላይ ተቀምጠው የተማሪ ሱሪ ያሳጥራሉ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ይቅር ይበሉኝ አያ ፈንታ።»

«ጉዳይህ እውነት ነበር» አሉኝ። «እኔን ምን ብለህ ጨመርኸኝ?»

ሱሪውን ጭናቸው ላይ አነጠፉና ቀጠሉ።

«እኔን አልዋሸኸኝም። የዋሸናቸው እነዚያን ሦስቱን ነው፤ በተለይ ያችን ከወንበሯ የተነሣችልኝን ልጅ። ሂድና ለእሷ ንገራት። ያን ጊዜ እኔም ይቅር እልሃለሁ።»

«የእነሱ መሥሪያ ቤት እኮ ነው ሌባ ብሎ ያዋረደኝ! እነሱ ፊት ሄጄ...»

«እኔስ ምን ተብዬ ልኑር?» አሉና ወደ ሱሪው አጎነበሱ።

አልሄድሁም። ይኸው እስከ ዛሬ አልሄድሁም። ካሳውን መመለስ ፈርቼ እንዳይመስልህ። ብናገር እነዚያ ተቆጣጣሪዎች «ብለን ነበር እኮ!» ይላሉ። ያለ አግባብ የቆረጡ እነሱ ሆነው፣ ፋይል የጠፋባቸው እነሱ ሆነው፣ በእኔ አንደበት ንጹሕ ይወጣሉ። ይህ ያንገበግበኛል! ሲያንገበግበኝ ደግሞ እውነተኛ ሰው የሆንሁ ይመስለኛል፤ እንዲህ እየመሰለኝ ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት ተተካ። ለካስ ንዴቴን የያዝሁት ለፍትሕ ብዬ አይደለም። ንዴቴ ካለቀ የሚቀረኝ እኔው ራሴ ስለሆንሁ ነው።

ስለዚህ ይቅር በለኝ አልልህም፤ ይቅርታዬ በአንተ እጅ አይደለም። ይህን ወረቀት ግን በሁለት ኮፒ አስገለብጬ አንዱን ለሰብሳቢዋ በእጄ እሰጣለሁ። ያሉትን ይበሉኝ። መብራቴን ያለ አግባብ ቆርጠዋል፤ ይህን እስክሞት እላለሁ። አያ ፈንታ ግን ያን ቀን የጁቤ ነበሩ። ምንም አላዩም። አይቻለሁ ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ።