አባቴ በዜማ የተናገረበት ዋዜማ

አባቴ ወርቅ ሠሪ ነበር። ፒያሳ፣ ከአንድ ጠባብ ሱቅ ጀርባ፣ አምፖል ሥር አጎንብሶ ዕድሜውን ሙሉ ወርቅ ሲያቀልጥ፣ ሲቀጠቅጥና ሲሞርድ ኖሯል። ለዚህም ይመስለኛል የእንቁጣጣሽ ስም ከየት መጣ የሚለው ወሬ ሲነሣ ከአንድ ታሪክ ንቅንቅ የማይለው። ንግሥተ ሳባ ኢየሩሳሌም ወርዳ ንጉሥ ሰሎሞንን ስትጎበኝ፣ ንጉሡ የዕንቁ ቀለበት አወጣና "ዕንቁ ለጣትሽ" አላት። ቃሉ ሲንከባለል ሲንከባለል እንቁጣጣሽ ሆነ። አለቀ።

እሱ አለቀ ይበል እንጂ በእኛ ግቢ አያልቅም ነበር። የምንኖረው እሪ በከንቱ በሚባለው ሰፈር፣ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ከቤታችን ጋር ግድግዳ በምትጋራው ቤት አንድ አረጋዊ መሪጌታ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ዜማ ሲያስተምሩና በዓላት በየትኛው ቀን እንደሚውሉ ሲቀምሩ የኖሩ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው። ግቢው እንዳለ "የኔታ" ይላቸዋል። የኔታ የቀለበቱን ታሪክ ሲሰሙ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ይስቃሉ።

"ወርቅ ሠሪ ሁሉን ነገር ቀለበት ያደርገዋል" ይላሉ። "ሥሩ 'ዕንቁ ዕፅ አወጣሽ' ነው። ክረምቱ ሲወጣ ዕንቁ የመሰለ አበባ ያወጣችው ምድር ናት የተመሰገነችው።"

"የኔታ፣ መሬት እንዴት ነው እንደ ወይዘሮ አንቺ የምትባለው?" ይላል አባቴ።

"አንተስ ከመቼ ወዲህ ነው ከንግሥት ጋር የተዋወቅኸው?"

የግቢው በር ላይ ሱቅ ያላት ጎረቤታችንም ዝም አትልም። ሙስሊም ናት፤ ከጉራጌ አገር በልጅነቷ መጥታ እዚሁ ያረጀች። እሷ ደግሞ "ዕንቁ ለጣጣሽ" ነው ትላለች፤ ንግሥቲቱ ከመንገድ ስትመለስ መኳንንቱ ለወጪዋ እንዲሆናት ዕንቁ አዋጥተው ሰጧት። "የበዓልን ጣጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሁላችሁም ዘይትና ዱቄት የምትወስዱት ከኔ ነው" ትልና ሁለቱንም ታስቃቸዋለች። እኔ በዚህ ክርክር ውስጥ አደግሁ። ማን እንዳሸነፈ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

አምና ግንቦት ላይ አባቴ ጠዋት ካልሲውን ሊያጠልቅ ጎንበስ እንዳለ ወደቀ። ስትሮክ ነው ተባለ። ከሆስፒታል ስናወጣው ቀኝ እጁ ተንጠልጥሎ ነበር። ከዚያ ሁሉ ንግግሩ፣ ከዚያ ሁሉ ተረብ የተረፈችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ "እሱማ"።

"አባዬ፣ ውሃ ልስጥህ?"

"እሱማ።"

"ያምሃል?"

"እሱማ።"

"ደህና አደርህ?"

"እሱማ።"

ሌላ ቃል ሊያወጣ ሲሞክር ግንባሩ ያልበዋል፤ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፤ በመጨረሻ የምትወጣው ያችው ቃል ናት። የምንለውን ሁሉ ይሰማል፣ ይገባዋልም። ይህ ነበር ከሁሉ የሚከብደው። ሐኪሟ ንግግሩ ሊመለስም ላይመለስም እንደሚችል ነገረችን። የስምንት ዓመት ልጄ ነገሩን ቶሎ ለመደችው፤ ትምህርት ቤት የዋለችውን ስትነግረው በየመሐሉ "እሱማ" እያለ ያዳምጣት ነበር። እኔ ግን አልለመድኩትም። የዚያ ሰው ድምፅ ቤቱን ይሞላው ነበርና።

ክረምቱ እንዲህ አለፈ፤ ጳጉሜን መጣች። ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ያለው የእግር መንገድ በቄጤማ፣ በችቦና በአደይ አበባ ተሞላ። ልጄ ከሰፈሩ ሴቶች ልጆች ጋር የአበባ ዘፈን ትለማመዳለች፤ ከበሮ ስላልነበራቸው ጀሪካን ይመታሉ። አንድ ቀን ከልምምድ ስትመለስ "እማዬ፣ ለምንድን ነው ግን እሳት የምናበራው? ሣሩስ ለምንድን ነው?" አለችኝ። ደንብ ነው አልኳት። እንዲህ ያለው መልስ ለልጅ መልስ አይደለም፤ ወደ የኔታ ወሰድኳት።

የኔታ የተገኙት አባቴ አጠገብ ነው። ከታመመ ጀምሮ በየቀኑ እየመጡ አጠገቡ ይቀመጣሉ። ልጄ ጥያቄዋን ስትደግም ፊታቸው በራ።

"ክረምት ጨለማ ነው ልጄ" አሉ። "ደመናው ፀሐይን ይሸፍናል፣ ወንዙ ይሞላል፣ ዘመድ ከዘመድ አይገናኝም። መስከረም ሲጠባ ብርሃን መጣ ለማለት ችቦ እናበራለን። ሣሩን ደግሞ አባቶች ከኖኅ ያያይዙታል። ያ ሁሉ ምድር ውሃ ውጦት ሳለ ርግቢቱ ለምለም ቅጠል በአፏ ይዛ ተመለሰች። ውሃው መጉደሉ የታወቀው በዚያች ቅጠል ነው። እኛም በዓመቱ ለምለሙን ከእግራችን ሥር እንጎዘጉዛለን፤ ዘንድሮም ምድር ተረፈች እንደ ማለት ነው።"

ልጄ አፏን ከፍታ ወለሉን አየች፤ ሣር ገና አልተጎዘጎዘም፤ ሲሚንቶው ብቻ ነበር። እኔም አብሬያት አየሁ። በየዓመቱ ከድልድዩ ገዝቼ፣ ጭቃውን አራግፌ የምበትነው ቄጤማ እንዲህ ካለ ሩቅ ቦታ መምጣቱን አስቤው አላውቅም ነበር።

"ስሙስ?" አለች ልጄ። "እንቁጣጣሽ የሚለው?"

ክርክሩ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነበር። የኔታ አባቴን አዩት፤ አባቴም አያቸው። የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ንግሥቲቱ ኢየሩሳሌም ወርዳ ንጉሥ ሰሎሞንን በጎበኘች ጊዜ" ብለው ጀመሩ፤ የአባቴን ታሪክ። አንዲት ነገር ሳይቀንሱ፣ አባቴ የሚጨምራትን የቀለበቷን የፈርጥ ቀለም እንኳ ሳይዘነጉ፣ "ዕንቁ ለጣትሽ አላት" እስከሚለው ድረስ ተናገሩለት። ሲጨርሱ ወደ እሱ ዞረው "እንዲህ አይደለም?" አሉ።

"እሱማ!" አለ አባቴ።

ቃሏ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ ቦታዋ ላይ ዋለች። የኔታ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ አባቴም በግራ እጁ ጉልበታቸውን መታ መታ አደረገ።

ጳጉሜን ሦስት ሩፋኤል ነው። በዚያ ቀን የሚዘንበው ዝናብ ጸበል ነው ተብሎ ስለሚታመን ግቢው ባልዲና ሳፋ ያወጣል፤ ልጆች ልብሳቸውን አውልቀው ይራጫሉ። ከቀትር በኋላ ዝናቡ ሲጀምር ጎረምሶች አባቴን ከነወንበሩ አንሥተው አወጡት። የኔታ ውሃውን በእፍኛቸው ቀድተው እየጸለዩ ራሱንና አፉን አስነኩት። ሁላችንም ዙሪያውን ቆመን ከንፈሩን እናያለን። ባለሱቋ እንኳ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። አባቴ ግራ እጁን ዘርግቶ ጠብታውን ሲቀበል ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ አየንና ቀስ ብሎ "እሱማ" አለ።

ወደ ቤት አስገባነው። ፎጣ ይዤ ጸጉሩን ሳደርቅለት ዓይኔን ከዓይኑ አሸሸሁ።

የዋዜማው ዕለት ግቢው ሞላ። ሰፈሩ ሲታደስ አብዛኞቹ ጎረቤቶቻችን ራቅ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሄደዋል፤ እኛ ያለንበት ጥግ ግን አሁንም አለ። ለችቦ ማብሪያ ብዙዎቹ በታክሲ ተመልሰው ይመጣሉ። አመሻሹ ላይ ጎረምሶቹ ከቀጫጭን ደረቅ እንጨት በልጥ ያሰሩትን ችቦ ሁሉ በአንድ ላይ አቆሙ። ባለሱቋ እንደየዓመቱ ክብሪቱን አቀበለች። የኔታ ባርከው ለኮሱ። እሳቱ ተንጣጣ፤ ፊታችን ሁሉ ቀላ።

ከዚያ ዜማውን የሚጀምር ጠፋ። ለካ በየዓመቱ ዜማውን የሚያነሣው አባቴ ነበር። እሱ ያነሣል፣ እኛ እንቀበላለን። ማን ያነሣዋል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። የኔታም የቅዳሴ እንጂ የአደባባይ ዜማ አይወጣልኝም ብለው ሁልጊዜ ተቀባይ ነበሩ። ጎረምሶቹ ተያዩ፤ አንዱ ሌላውን በክርኑ ገፋ። እሳቱ ብቻ ይንጣጣል።

"ኢዮሃ" የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

ጎርነን ያለ፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ ነበር። የማን እንደሆነ ወዲያው አላወቅሁትም። ዞር ስል አባቴ ነው። በሩ ላይ ባስቀመጥነው ወንበር ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ዓይኖቹን እሳቱ ላይ ተክሎ፣ የችቦውን ዜማ ያዜማል። አንዲት ቃል አይደለችም፤ ቃል በቃል ላይ፣ ስንኝ በስንኝ ላይ፣ አንዱም ሳይሳት፣ አንዱም ሳይወላገድ ይወጣል። የአበባው ስም ወጣ። የመስከረም ስም ወጣ። አራት ወር "ውሃ" ማለት ያቃተው አፍ!

መቀበል ነበረብን። መጀመሪያ የተቀበለችው ልጄ ናት፤ ለእሷ አያቷ ዘፈነ፣ በቃ። ከዚያ የኔታ በተሰበረ ድምፅ ተከተሉ፤ ከዚያ ግቢው እንዳለ ተቀበለ። ባለሱቋ "አላህ! አላህ!" እያለች ታጨበጭባለች። አባቴ ድምፁን ከፍ አደረገ። ወደ እሳቱ መሄድ ስለማይችል ጎረምሶቹ ችቦውን ወደ እሱ አመጡለት፤ በግራ እጁ ይዞ እስከ መጨረሻው አዜመ።

ሲያበቃ እግሩ ሥር ተንበረከክሁ። "አባዬ! ተናገርህ! እስኪ ስሜን ጥራ!"

አየኝ። ግንባሩ አላበው፤ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ።

"እሱማ" አለ።

ግቢው ተነፈሰ። አባቴ ግን እንደወትሮው አልተከዘም። ጣቱን ወደ እሳቱ ቀስሮ እንደገና ከመጀመሪያው አነሣው፤ እንደገናም ቃሉ ሁሉ በሙሉ ወጣ።

የኔታ ያን ዕለት ወደ ቤታቸው ሲገቡ በራችን ላይ ቆም አሉ። "ስሙ ከየት መጣ እያልን ይህን ሁሉ ዓመት ተከራከርን" አሉኝ። "ከሰሎሞን ቢመጣ፣ ከምድርም ቢመጣ፣ ሰው ውስጥ ምን ያህል ጠልቆ እንደሚቀመጥ ግን አንዳችንም አላወቅንም።"

እኔም ስለ አባቴ አባት አሰብሁ፤ አይቼው አላውቅም። ይህን ዜማ ለአባቴ ያስያዘው እሱ ነው፤ አባቴ ገና ኮልታፋ ሕፃን ሳለ፣ ትከሻው ላይ አስቀምጦ። ለእሱ ደግሞ የእሱ አባት። ወደ ኋላ እየቆጠርሁ ሄድኩ፤ ፒያሳ ገና ፒያሳ ሳትባል፣ ድልድዩም ሳይሠራ፣ እሳት ዙሪያ የቆሙ ስማቸውን የማላውቅ ሰዎች ጋ ደረስኩና መቁጠሩ አቃተኝ። በሽታው ከአባቴ አፍ የእኔን ስም ሲወስድ የእነሱን አደራ መንካት አልቻለም።

በዓሉ እንዳለፈ ለሐኪሟ ነገርኳት። አልደነቃትም፤ ደስ ግን አላት። "ንግግርና ዜማ አንጎል ውስጥ አንድ ቦታ አይቀመጡም" አለችኝ። "የአባትሽ የተጎዳው የንግግሩ ወገን ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ዜማው ይተርፋል። እንግዲህ በተረፈው መንገድ ሂዱ። የሚፈልገውን ነገር በዜማ አስለምዱት።" ማብራሪያው ነገሩን ያቀልልኛል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ይበልጥ ገረመኝ።

ልጄ አስተማሪ ሆነች። በችቦው ዜማ ላይ "ውሃ ስጪኝ" የሚለውን አስገብታ ቀኑን ሙሉ አብራው ታዜማለች። መጀመሪያ ቃሉ እየሾለከ አስቸገረው፤ አንዳንዴ ተናዶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። ለመስቀል ሰሞን ግን ከጓዳ ሆኜ በዜማ ውሃ ሲጠይቅ ሰማሁ፤ ብርጭቆውን ሞልቼ ሮጥኩ። ከዚያ "በሩን ዝጊው" መጣ፤ ከዚያ "እግሬን አመመኝ"። የእኔ ስም የመጣው ኅዳር ላይ ነው፤ ሁለት ፊደሉን ረዘም አድርጎ፣ እንደ ስንኝ መጨረሻ። ዛሬም ያለ ዜማ የሚወጡለት አጫጭር ቃላት ብቻ ናቸው፤ ረዘም ያለውን ያዜመዋል። ቤታችን ዓመቱን ሙሉ ዋዜማ ይመስላል።

በቅርቡ በከዘራ መራመድ ሲጀምር ፒያሳ ወስጄ ድሮ ያዘወትረው የነበረ ካፌ አስገባሁት። አስተናጋጁ ወጣት ነው፤ አያውቀንም። "ምን ልታዘዝ አባባ?" አለ። ልመልስለት ስል አባቴ በእጁ ከለከለኝ። ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ ካፌው እንዳለ እስኪዞር ድረስ፣ በችቦው ዜማ አንድ ማኪያቶ፣ ጠቆር ያለ፣ ስኳር የሌለው ብሎ አዘዘ። እኔ አፈርኩና አንገቴን ደፋሁ።

አስተናጋጁ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ትሪውን ብብቱ ሥር አድርጎ፣ ልክ በዚያው ዜማ፣ እሺ አባባ አሁን ይመጣል ሲል ተቀበለው። ካፌው በሳቅ አውካካ። ከሁሉ በላይ የሳቀው አባቴ ነበር። ማኪያቶውም ጠቆር ብሎ መጣ።