ለሙሽሮች የመረጥኩት የቀብር ዜማ

በአንድ የስኮትላንድ ልብስ ሱቅ የኋላ ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ኪልት ሰፍቻለሁ። ኪልት የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት ሽንሽን ቀሚስ ነው። ጨርቁ ታርታን የሚባል ባለ ካሬ ሱፍ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የእኔ የሚለው ቀለም አለው። ይህን የሚገዛ ሰው አትላንታ ውስጥ ይኖራል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር። አለ፣ ብዙ ነው።

ባለሱቁ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ሰኞ ጠዋት ጠሩኝና፣ “ዌብሳይት ልንከፍት ነው” አሉኝ። “የትኞቹ ጨርቆች እንደሚገቡ፣ በየገጹ የትኛው ዜማ እንደሚሰማ የወንድሜ ልጅ ይመርጥልናል።”

የወንድማቸው ልጅ ሳንዲ ስፕሪንግስ የሚባል ሰፈር ቢሮ አለው። ሱቁን ግን በስድስት ዓመት ሁለቴ ነው የረገጠው፣ ሁለቱንም ጊዜ ለገና። ደሜ ፈላ።

“እኔ ልምረጥ” አልኳቸው።

“አንቺ?” ክፉ ሰው አይደሉም፣ ገርሟቸው ነው።

“እኔ። እስከ ቅዳሜ ይስጡኝ።”

“እሺ፣ እስከ ቅዳሜ። ካላማረኝ ግን ለእሱ እደውላለሁ።”

ለባለቤቴ መኪና ውስጥ ስነግረው ቤታችን ሎረንስቪል እስክንደርስ ድረስ ሳቀብኝ። “ምን ስትሬስ ያደርግሻል? የሚከፈልሽ ፔይቼክ እንደሆነ ያው ነው” አለኝ። እውነቱን ነበር። እኔን የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ እጄን እንጂ ዓይኔን የፈለገው ሰው አልነበረም።

ጨርቁ አላስቸገረኝም። ባለሱቁ የሰጡኝ በፊደል ተራ የተጻፈ የቤተሰብ ስም ዝርዝር ነው። እኔ ደግሞ ጨርቆቹን በራሴ ስም ነው የምጠራቸው፦ ጎመኑ፣ በርበሬው፣ ኩሩው ሰማያዊ። ደንበኛ የትኛውን ነካ አድርጎ እንደሚተወው፣ የትኛውን ደረቱ ላይ ለጥፎ መስታወት እንደሚፈልግ በመጋረጃዬ ስንጥቅ ሳይ ነው የኖርኩት። ደረት ላይ ከሚለጠፉት አሥራ ሁለት መረጥኩ። በሱቁ መብራት ፎቶ ሳነሳቸው ጎመኑ ጥቁር ሆኖ ወጣ። ስለዚህ ጥቅሎቹን ተሸክሜ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ፓርኪንግ ወጣሁ፣ መኪናዬ ኮፈን ላይ ዘርግቼም በፀሐይ አነሳኋቸው።

ጉድ የሠራኝ ዜማው ነው። የተሰጠኝ ሲዲ ላይ ሃያ ያህል የባግፓይፕ ዜማዎች ነበሩ፣ ከረጢት ባለው በዚያ ትልቅ ዋሽንታቸው የሚነፉት። ርዕሶቹ በማላውቀው ቋንቋ ስለተጻፉ በጆሮዬ ብቻ ነው የመረጥኩት። ዘጠነኛውን ስሰማ መቀሴን አስቀመጥኩ። ቀስ ያለ፣ አንጀት የሚበላ ዜማ ነበር። እኛ ጋ ሙሽራ የወላጆቿን ጉልበት ስማ ከቤት ስትወጣ የማያለቅስ የለም፤ እናቷ ካላለቀሰች እንዲያውም ሰው ይታዘባታል። ልጅ ለመዳር ከዚህ የተሻለ ዜማ የለም ብዬ ዘጠነኛውን የሠርግ ኪልት ለሚታይበት የሙሽሮች ገጽ ሰጠሁት።

ሐሙስ ዕለት አንድ ባግፓይፕ ነፊ ደንበኛችን የጠበባቸውን ኪልት ወገብ ሊያስለቅቁ መጡ። ባለሱቁ የሙሽሮቹን ገጽ ከፍተው አሰሟቸው። ሰውዬው ኮፍያቸውን አወለቁ።

“ማን ሞተ?” አሉ። “ይህ እኮ ሬሳ ስንከተል የምንነፋው ነው።”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለሱቁ ዓይኔን ሳያዩ፣ “ለወንድሜ ልጅ ብደውል ይሻላል መሰለኝ” አሉ።

“ቅዳሜ ነው ያሉኝ፣ ዛሬ ሐሙስ ነው” አልኳቸው። ከዚያ ስለ ጉልበት መሳሙ፣ ስለ እናትየዋ፣ ልጅ መዳር ደስታም መለያየትም ስለመሆኑ ነገርኳቸው። ባለሱቁ አንዲት ልጃቸውን ሩቅ አገር፣ ኦሪገን ድረው በበዓል ብቻ ነበር የሚደዋወሉት። ስልኩን ሳያነሱ ሰሙኝ።

ወደ ነፊው ዞርኩ። “ሬሳ የማይከተል፣ ግን የሚያስለቅስ የለዎትም?”

ኮፍያቸውን መልሰው ደፉ። “መርከብ ሲሸኝ የሚነፋ አለ። ለሠርግ ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።”

“እኔ እየጠየቅኩዎት ነው” አልኳቸው።

አርብ ተመልሰው መጡ። ስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀምጠን ሲዲውን ከአንድ እስከ ሃያ አዳመጥነው። በየመሃሉ እያስቆምኩ፣ ይህ መቼ ነው የሚነፋው፣ ማን ይቆማል፣ ማን ያለቅሳል እያልኩ በአማርኛ ጻፍኩት። የመርከቡን ዜማ ፓርኪንጉ መሃል ቆመው በትልቁ መሣሪያቸው ነፉልኝ፣ እኔም ቀድቼ በዘጠነኛው ፋንታ ለሙሽሮቹ ገጽ ሰጠሁት። የጎረቤት ሱቅ ሠራተኞች ወጥተው አዩን። ግድ አልሰጠኝም።

ቅዳሜ ባለሱቁ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ያኔ ኢንተርኔት የሚመጣው በስልኩ መስመር ስለነበር፣ እሱ ተከፍቶ ስልክ መደወል አይቻልም ነበር። ፎቶዎቹ እየተጎተቱ ሲከፈቱ አሥራ ሁለቱንም አዩ። የሙሽሮቹን ገጽ ከፈቱ። ዜማው ሲያልቅ እንደገና ከፈቱት።

“ኢንተርኔቱን ዝጊው” አሉኝ። “ስልኩን እፈልገዋለሁ።”

አለቀልኝ አልኩ በልቤ። ዘጋሁት። ግን ከዚያ ንቅንቅ አልልም ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ለዚያ የወንድማቸው ልጅ የሚሉትን በራሴ ጆሮ ልሰማው ፈለግኩ።

ደወሉ። ብዙ ጠራ።

“ልጄ፣ አባትሽ ነኝ” አሉ። “አይ፣ ደህና ነኝ። በሠርግሽ ቀን ልነግርሽ ፈልጌ የተውኩት ነገር ነበር።”

በሩን ዘግቼላቸው ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። ሳንዲ ስፕሪንግስ ማንም አልደወለም።