በረመዳን ቀትር የተጠጣ ሻይ

ይህን የምጽፈው የወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ከአንድ ጆግ ጨዋማ መድኃኒት ጋር ተፋጥጬ ነው። ነገ ጠዋት አንጀቴ በካሜራ ይታያል፤ እስከዚያ ታጥቦ መጽዳት አለበት። በየዓመቱ የሚመጣ ቀጠሮ ነው፤ ዘንድሮ ረመዳን ላይ ዋለ። መስኮታችን ከጎረቤት ሰገነት ጋር ፊት ለፊት ስለሆነ ባለቤቴ ፋጡማ “መጋረጃውን ልዝጋልህ?” አለችኝ። “ቆይ እስቲ” አልኳት። እውነቱን ለመናገር ያታከተኝ የሰው ዓይን ሳይሆን ይህ ጆግ ነው። ዘንድሮስ ቢቀር ምናለ የሚል ሐሳብ ከሰሞኑ ይመላለስብኛል።

ወጣት ሳለሁ እዚሁ ካይሮ፣ ናስር ሲቲ፣ ከወሎ ልጆች ጋር ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። ሁላችንም የሃይማኖት ትምህርት ተማሪዎች ነን። ክፍሉ ሦስት፣ መጸዳጃ ቤቱ አንድ። ለንጋቱ የሱብሂ ሰላት ታጥቦ ውዱእ የሚያደርገው ሁሉ በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቀው እኔን ነው። ይማም የሚባለው የክፍል ጓደኛዬ በሩን እየደበደበ “አንተ፣ ይሄን ቤት ባንተ ስም አስመዘገብከው እንዴ?” ይለኛል። እኔም ውስጥ ሆኜ እስቃለሁ። ማይክሮባስ የምሳፈረው እንኳ መጸዳጃ ያለው መስጊድ የት የት እንዳለ አስልቼ ነበር። ደም እንደሚወጣኝ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ሕመሙ ከልጅነቴ ጀምሮ የያዘኝ ነው፤ ደሴ ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር “አሜባ ነው” ይሉና ያንኑ ክኒን ይሰጡኛል። እኛ አገር ሆድ ከታመመ አሜባ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በሽታው ትክክለኛ ስሙን ያገኘው ካይሮ ነው፤ የትልቁ አንጀት የማይድን ቁስለት። አንዲት ግብጻዊት ሐኪም በካሜራ አይታ ናሙና ወሰደች። ውጤቱን ልሰማ የሄድኩት ዘይቱን በየጋሪው ተከምሮ መንገዱን ሁሉ በሚያውድበት ወቅት፣ ረመዳን ሊገባ ሲል ነበር።

“ያዕኒ፣ እንዴት ላስረዳህ” አለችኝ። “ሌላው ሰው ላይ ካንሰር ከመምጣቱ በፊት ብዙ ጊዜ ትንሽ እባጭ ይታያል፤ ቆርጠን እንጥለዋለን። እንዳንተ ለዓመታት የቆሰለ አንጀት ግን ምንም ሳያብጥ፣ ዝርግ እንደሆነ፣ ውስጥ ውስጡን ይለወጣል። ሴሉ ያለ ልክ እንዳይራባ የሚቆጣጠረውን ጂን ናሙናህ ላይ ተለውጦ አገኘነው። ምን ያህል እንደተሰራጨ በቶሎ ደግሜ ማየት አለብኝ።”

“ከአባቴ የወረስኩት ነው?”

“ከማንም አልወረስከውም። ቁስሉ ራሱ ነው ያመጣው።”

የተገኘው ቀጠሮ ረመዳን አጋማሽ ላይ ነበር፤ ማጠቢያውን ከዋዜማው ቀትር ጀምሮ ለመጠጣት ፆም መግደፍ ግድ ነው፤ ካለፈ ሌላ ተራ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። እኔ ግን ከዒድ በኋላ ይደርሳል ብዬ በልቤ ወስኛለሁ። በዚያ ሰሞን ደሙ ቆሞልኝ ስለነበር የዳንኩ መሰለኝ። ደግሞስ ቤታችን ውስጥ የረመዳኑን የማታ ሰላት፣ ተራዊህን፣ የማሰግደው እኔ ነኝ፤ መፆም ከጀመርኩ አንድ ቀን አጉድዬ አላውቅም። ኩራት ነበር፤ ኢማን ይመስለኝ ነበር እንጂ።

የቀጠሮው ዋዜማ ቀትር ላይ ይማም ያልተከፈተውን የአንጀት ማጠቢያ መድኃኒት አልጋዬ ሥር አገኘው። አፋጠጠኝ፤ ሁሉንም ነገርኩት። ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ሲመለስ ሸህ ኑሩን አስከትሎ መጣ።

ሸህ ኑሩ ከወሎ መጥተው ካይሮ ውስጥ ያረጁ ዓሊም ነበሩ፤ ኪታብ የምንቀራው እሳቸው ዘንድ ነው። እጃቸው ላይ የዳቦ ከረጢት አለ። ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና፣ “ይማም፣ እስቲ ሻይ ጣድልኝ” አሉ።

ረመዳን ነው፤ ቀትር ነው። ይማም የሰማውን ማመን አቃተው። ሻዩ ሲመጣ ሸኻችን ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመሩበት፤ ዳቦውን ቆረሱ፤ ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ። እኛ መሬት መሬቱን እናያለን።

“ሸኻችን፣ ያምዎታል እንዴ?” አልኳቸው በስንት ጭንቅ።

“ዑዝር ያለው፣ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ይበላል። አላህ የሰጠውን ፈቃድ አልቀበልም የምትል አንተ ምን ቤት ነህ? ጠጣ።”

“ከዒድ በኋላ…”

“ኸላስ! እስከ ዒድ መድረስህን በምን አወቅህ? ጠጣ አልኩህ፤ ሳትጨርስ አልነሳም።”

እሳቸው ሻያቸውን፣ እኔ ያንን የባሕር ውኃ የመሰለ ነገር፣ ብርጭቆ በብርጭቆ ጨረስን። ያን ቀን ይማም የመጸዳጃ ቤቱን በር አልደበደበም።

በማግስቱ ሲታይ ካንሰሩ ጀምሮ ነበር፤ ግን ገና ከአንጀቱ ግድግዳ አልወጣም። ትልቁ አንጀቴ ተቆርጦ ወጣ። ዛሬም በየዓመቱ የምመላለሰው ጫፉ ላይ የቀረችውን ጥቂት ለማስፈተሽ ነው። “ትንሽ ቆይተህ ቢሆን ኖሮ” ብላ ጀምራ ሐኪሟ ቀሪውን ሳትጨርሰው ተወችው።

ሸኻችን በረመዳን ቀን የመብላታቸው ወሬ ግን ናስር ሲቲ ባለ ሐበሻ ሁሉ ዘንድ ተዳረሰ። “ስኳር በሽታ አለባቸው” ተባለ። ያን ቀን ሻዩን ማጣፈጣቸውን የሚያነሳ ካለ ይማም “ስኳራቸው ወርዶባቸው ነዋ!” ብሎ ዝም ያሰኘዋል። ከዚያ ወዲያ የጋበዛቸው ሁሉ ስኳር የሌለው ሻይ ያቀርብላቸዋል። ዓሊም ሆነው እንዴት በሰው ፊት ይበላሉ ብሎ የሚያማቸውም አልጠፋ። እሳቸው መራራውን ሻይ ጠጥተው፣ አመስግነው ይሄዳሉ።

የሞቱ ጊዜ ቤታቸው ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ባለቤታቸው እማ ዘሀራ ሻይ ሲሰጡኝ፣ “ሸኻችንን እኮ ይሄ ስኳር በሽታ ነው የጎዳብን” አልኳቸው፤ ጨዋታ ለማስጀመር ያህል።

“የምን ስኳር?” አሉ ግራ ገብቷቸው። “ወላሂ ስኳር ይዟቸው አያውቅም። እቤት ሦስት ማንኪያ ጨምረው ነበር የሚጠጡ።”

“ታዲያ ረመዳንን ይበሉ አልነበር?”

“እሳቸው?” ጥቂት አሰቡ። “አንድ ዓመት ብቻ፣ የበላሁት አንድ ቀን አለ፣ ቀዷውን ላውጣ ብለው ከዒድ በኋላ ፆመዋል። ምን አግኝቶዎት በሉ ብላቸው፣ ‘አንድ ልጅ ውኃ ሊወስደው ነበር፤ ገብቼ አወጣሁት’ አሉኝ። ልጁ ማን እንደሆነ አልነገሩኝም።”

ውኃ የሚወስደውን ሰው ለማዳን ፆም መግደፍ እንደሚፈቀድ እሳቸው ዘንድ ቀርተናል፤ ዑዝራቸው እኔ ነበርኩ። እዚያው በሰው ፊት አለቀስኩ፤ ለቅሶ ቤት ስለሆነ ማንም አልጠየቀኝም።

ጆጉ ገና አልተነካም። ደክሞኛል። ይህ ጨው ሰልችቶኛል፤ የሐኪም ቤት ወንበር ሰልችቶኛል፤ ውጤት መጠበቅ ሰልችቶኛል። ቢሆንም አንድ ጤነኛ ሰው በረመዳን ቀትር ለኔ ሲል ከጎረሰው ዳቦ ይህ አይከብድም። ፋጡማ ስለ መጋረጃው ደግማ ጠየቀችኝ። “ክፍት ይሁን” አልኳትና ብርጭቆውን ሞላሁ።