በአሮጊቷ ላንድሮቨር ለእርቅ ወደ ሞጣ

ዓርብ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ቢቸና

የምሄደው ሞጣ ነው፤ የሚያስኬደኝም እርቅ ነው። አምና በሐምሌ፣ ሞጣ ልገባ ጥቂት ሲቀረኝ ባለው ቁልቁለት ላይ፣ በዚችው ላንድሮቨሬ አንድ ነጋዴ ገጭቼ እግራቸውን ሰብሬአለሁ። በቅሏቸውም እዚያው ሞታለች። ፍርድ ቤቱ የሚለውን ብሏል፤ እኔም የተባልሁትን ፈጽሜአለሁ። ሰውየው ግን፣ አቶ ሰይድ ይባላሉ፣ ከዚያ ወዲህ የላክሁባቸውን ሽማግሌ ሦስት ጊዜ መልሰዋል።

ሥራዬ የወፍጮ ሞተር መጠገን ነው። ግማሹ ደንበኛዬ ሞጣና ዙሪያው ነው፤ ነገር ግን ሳልታረቅ መሄዱ ስለማይሆን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግንደወይን ወዲያ ዝር ብዬ አላውቅም። የሞጣ ባለወፍጮዎች ዕቃ በአውቶቡስ ይልኩልኛል፤ እኔም ጠግኜ በአውቶቡስ እመልሳለሁ። የማይላከውን የሚጠግን ሌላ ሰው ፈለጉ። አሁን አራተኛው ሽምግልና ተይዞልኛል፤ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። የሞጣው ሽማግሌ ሐጂ ኡመር በሰው የላኩብኝ ቃል አጭር ነበር፦ «ይህም ካልሆነ ሌላ አንቀመጥም።»

ስለ መኪናዋ ትንሽ ልበል። ዕድሜዋ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። አገሩን ለቅቆ ከሚሄድ ቀያሽ መሐንዲስ ነው የገዛኋት፤ የገዛሁ ዕለትም አሮጌ ነበረች። በዚህ በደርግ ዘመን መለዋወጫ የሚባል ነገር የሚገኘው በጸሎት ነው። ራዲያተሯ በልብስ ሳሙና ተደፍኗል። የሞተሯን ቺንጊያ፣ የሚያዞረውን ቀበቶ ማለቴ ነው፣ ከወፍጮ ቺንጊያ ቆርጬ በኮርቻ ሰፊ አሰፍቼዋለሁ። አንደኛ ማርሿ ካልተያዘ እየዘለለ ይወጣል። ሰው ሲጠይቀኝ መኪና አለኝ እላለሁ እንጂ፣ እውነቱን ለመናገር ያለኋት እኔ ነኝ።

አብረውኝ የሚሄዱት መሪጌታ ወልደሥላሴ ናቸው፤ የቢቸና የቅኔ መምህር፣ የአባቴ ወዳጅ። በእኔ ወገን ሽማግሌ ሆነው ይቆሙልኛል። ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ይዘው መጡና መኪናዋን ዞር ዞር ብለው አዩዋት።

«ይቺ ነገር ትነሣለች ወይስ እስክትነሣ ዳዊት እንድገም?»

«ትነሣለች መሪጌታ። ሰው ትንሽ ሲገፋት ነው።»

«አየ! እንግዲያ እኔስ በቅሎ ተገፍታ ስትሄድ አላየሁም» ብለው ገቡ።

ሁለት ጎረቤቶቼ ገፏት፤ ሳል ሳል አለችና ተነሣች። ሞተሪኖዋ ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ሲጫን ሞተሩን የሚያስነሣው ዕቃ ማለቴ ነው። ስለዚህ ወይ ትገፋለች ወይ ቁልቁለት ላይ አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ አቆማታለሁ።

ሦስት ሰዓት፣ ደብረ ወርቅ

ጤፉ ገና አልታጨደም። መንገዱ ግራና ቀኙ ቢጫ ነው፤ በምዕራብ በኩል የጮቄ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል። ኮረኮንቹ ክረምቱ በልቶት መሐሉ ጎድጉዷል፤ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ካስኬደኝ ተመስገን ነው።

ደብረ ወርቅ መግቢያ ካለው ኬላ አቆሙን። ጥበቃው የቀበሌዬን የይለፍ ወረቀት አገላብጦ አየና ከኋላ ተመለከተ። የሚፈልገው ያለ ፈቃድ የተጫነ እህል ነው።

«ጓድ፣ ምን ጭነሃል?»

«የመፍቻ ሣጥን፣ ሁለት ጀሪካን ውኃና መሪጌታን።»

«የጉዞ ምክንያት "ሥራ" ይላል። መሪጌታም ወፍጮ ይጠግናሉ?»

መሪጌታ አንገታቸውን በመስኮት አወጡ። «የእኔ ልጅ፣ የተጣላ ሰው ላስታርቅ ነው። ለዚህ የሚሆን ወረቀት ካላችሁ ስጡኝና ልያዘው።»

ጥበቃው ሳቀ። «ለእሱስ አልታተመም አባቴ። እለፉ» አለ። እኔም ላቡን ከግንባሬ ጠረግሁ፤ የቤንዚን ኩፖኔን ለዚህ ጉዞ ስል ስንት ሳምንት አጠራቅሜ ከዚያ ብመለስ ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ግንደወይን

ከደብረ ወርቅ ወዲህ ሁለት ጊዜ ቆምን። አንዱ ራዲያተሯን ለማጠጣት፣ አንዱ የሞተሯን ካንዴላ ለመጥረግ ነው። መሪጌታ ሁለቱንም ጊዜ ወርደው ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ እንደማላይ ሆኜ ባያቸው በከንፈራቸው የሚሉት ነገር ነበር። ስለኔም ይሁን ስለ ሞተሩ አልጠየቅሁም።

ግንደወይን ላይ ሽሮ በላሁ፤ ሃምሳ ሳንቲም። በርበሬው ለጉድ ነው። መሪጌታ ዓርብን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለሚጾሙ ውኃም አልቀመሱ። ስበላ እያዩኝ ድንገት ጠየቁኝ።

«ታደለ፣ ልቆምልህ ነውና እስቲ ንገረኝ። ያን ቀን ምን ሆነ?»

ለሰው ሁሉ የምለውን አልኋቸው። ዝናብ ነበር፤ ፍሬኑ አልይዝ አለኝ፤ ከገጨሁ በኋላም መኪናዋ ቁልቁለቱን ይዛኝ ወረደች፤ ከዚያ እንደ ሾፌር ደንብ በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ እጄን ሰጠሁ።

«ልትቆም አልቻልህም?»

«አልቻልሁም።»

«እሽ» አሉ።

ለመሪጌታ ያልነገርኋቸውን ለአንባቢ ልንገር። መኪናዋ ቆማ ነበር። ከአቶ ሰይድ አምሳ እርምጃ ያህል ርቃ ጥግ ይዛ ቆመች። በኋላ መስታወቷ ሳይ፣ ሰውየው ጭቃው ላይ ተኝተው እጃቸውን አነሡ። ከማሳው ሰው እየሮጠ ሲመጣ አየሁና ይቀጠቅጡኛል ብዬ ፈራሁ። ማርሽ አስገብቼ ሄድሁ። ፖሊስ ጣቢያ መግባቴ እውነት ነው፤ መንገዴ ግን የሾፌር ደንብ አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። ይህንን ለባለቤቴም አልነገርኋት።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ሞጣ

አምና የገጨሁበትን ቁልቁለት ወረድን። የእግር ፍሬኗን ከአደጋው ማግስት ጀምሮ ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጥሜዋለሁ፤ ይይዛል። እኔ ግን በእግሬ ሳይሆን በጥርሴ የያዝኋት ይመስል ነበር፤ መንጋጋዬን አመመኝ።

ሽምግልናው ከሐጂ ኡመር ቤት በላይ፣ ከገበያው ዳር ካለ ትልቅ ሾላ ሥር ነው። ቦታው ተዳፋት ነው፤ ለኔ ደግ። መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ታች አድርጌ አቆምሁ። የእጅ ፍሬን ስለሌላት ከመንገዱ ዳር አንድ ደህና ድንጋይ አንሥቼ ከፊት ጎማዋ ሥር ወተፍሁ፤ ይህን በቀን አሥር ጊዜ የማደርገው ነው፣ እጄ ሲያደርገው ልቤ አያውቅም። ከዚያ ሄጄ ከሽማግሌዎቹ ፊት ቆምሁ። ሐጂ ኡመር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ መሪጌታ ከጎናቸው ተቀመጡ። አቶ ሰይድ ግን አልተቀመጡም። ከዘራቸውን ተደግፈው ራቅ ብለው ቆሙ።

ሐጂ ኡመር ዱዓ አደረጉ፣ መሪጌታ አቡነ ዘበሰማያት ደገሙ። ከዚያ ሐጂ «ሰይድ፣ ያለህን ተናገር» አሉ።

አቶ ሰይድ ወደኔ አላዩም። «እግሬ ድኗል፤ አልሐምዱሊላህ። የበቅሎዋም ነገር አልፏል። እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ጭቃ ላይ ተኝቼ እጄን ሳነሣ መኪናዋ ቆማ ነበር። በዓይኔ አይቻታለሁ። ከዚያ ትታኝ ሄደች። ውሻ ቢገጭ እንኳ ሰው ወርዶ ያያል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።»

መሪጌታ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

«ምን ትላለህ ታደለ?» አሉኝ ሐጂ።

«እውነት ነው» አልሁ። ድምፄ እንደ ሕፃን ድምፅ ቀጥኖ ነው የወጣው። «መቆም እችል ነበር። ፈርቼ ነው።»

መሪጌታ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። የተቆጡም ያዘኑም ይመስላሉ። «በል፣ ድንጋይ ተሸከም» አሉኝ።

አጥፊ ይቅርታ ሲለምን ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ከተበዳዩ ፊት ይጎነበሳል። ተበዳዩ «ጣል» እስኪለው ድረስ አያወርድም። ሳይባል ከጣለ ልመናው ፈረሰ፤ ሽማግሌም ይነሣል። ይህን የማያውቅ የጎጃም ሰው የለም።

ድንጋይ ፈለግሁ። ከሾላው ሥር መሬቱ ተጠርጓል፤ ከጠጠር በቀር የለም። ዓይኔ እንባ ሞልቶታል፤ ራሴ ውስጥ የሚጮኸው «ውሻ ቢገጭ እንኳ» የሚለው ቃል ብቻ ነው። እጄ የሚያውቀውን ድንጋይ አገኘ። አነሣሁት፣ በጫንቃዬ አደረግሁት፣ አንገቴን ደፍቼ ወደ አቶ ሰይድ መራመድ ጀመርሁ።

አሥር እርምጃ ሳልሄድ ከኋላዬ የማውቀው ድምፅ ተሰማኝ፤ የላንድሮቨሯ ባሌስትራ ሲንቋቋ። ዞር አልሁ። ለካ በጫንቃዬ ያለው ከጎማዋ ሥር የወተፍሁት ድንጋይ ነው! መኪናዋ ያለ ማንም ቀስ እያለች ወደ ገበያው ትወርዳለች። ከታች አንዲት አሮጊት ነጭ ሽንኩርት ዘርግተው፣ ጀርባቸውን ለቁልቁለቱ ሰጥተው ተቀምጠዋል።

ድንጋዩን መቼ እንደጣልሁት አላውቅም። ሮጥሁ። በሩን ያዝሁ፤ ትንሽ ጎተተችኝና ጉልበቴ ተላጠ። በምን አኳኋን እንደ ሆነ ግማሽ አካሌን አስገብቼ ፍሬኑን በእጄ ተጫንሁት፤ በእግሬ አይደለም፣ በእጄ። ቆመች። መከላከያዋ ከአሮጊቷ ጀርባ አንድ ክንድ አይርቅም። የጎማው ጫፍ ሽንኩርቱን ነክቶ በትኖታል። በሌላው እጄ የመፍቻ ሣጥኑን ከወንበሩ ሥር ስቤ ጎማው ሥር ወረወርሁት፤ መያዙን ካየሁ በኋላ ፍሬኑን ለቀቅሁ።

«ዓይንህን ምን ጋረደው!» አሉ አሮጊቷ ዞረው ሲያዩ። «ከነነፍሴ ልትቀብረኝ ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። ተጎዱ? እስቲ ልይዎት» አልሁና ተንበርክኬ ሽንኩርታቸውን መልቀም ጀመርሁ። ያነሣሁት መልሶ ይወድቅብኛል። «ተወኝ፣ ደህና ነኝ፤ እየደባለቅኸው ነው» ቢሉኝም አልተውሁም።

ያኔ ነው ድንጋዩ ትዝ ያለኝ።

ቀና ብዬ አየሁ። ድንጋዩ መንገዱ መሐል ወድቋል። ሐጂ ኡመር ተነሥተው ቆመዋል። ከተሰበሰበው ሰው አንዱ «ሳይባል ጣለ እኮ» ሲል ሰማሁ። መሪጌታ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበዋል። አበቃ፣ አልሁ በልቤ። የሞጣ መንገድ ተዘጋብኝ፤ ከዚህ ሰው ጋርም እስክሞት እንደ ተጣላሁ ልኖር ነው። ያም ሆኖ ሄጄ ድንጋዩን እንደገና ላነሣ ጎንበስ አልሁ።

«ተወው» አለኝ አንድ ድምፅ። አቶ ሰይድ እያነከሱ ወርደው ከፊቴ ቆመዋል። ከቅርብ ሳያቸው ፂማቸው ከገመትሁት በላይ ሸብቷል።

«ሳይሉኝ ጣልሁት» አልሁ።

«አይቻለሁ። አምናም የፈለግሁት ይኸንኑ ነበር። ወርደህ "ተጎዱ?" እንድትለኝ።» ከዘራቸውን ወደ ተበተነው ሽንኩርት ቀሰሩና፣ «ዛሬ ወረድህ» አሉ።

ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል ሁለት ክንዴን ይዘው አነሡኝ። አለቀስሁ፤ ለመደበቅም አልሞከርሁ። እሳቸውም አፍንጫቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠረጉ። ሐጂ ኡመር መልሰው ተቀመጡ፤ «ተበዳዩ ከማረ ሽማግሌ ምን አገባው» አሉ። መሪጌታም ነጠላቸውን ከፊታቸው ገልጠው ወደ ላንድሮቨሯ ተመለከቱ።

«ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ ያልሆነውን ይቺ በአንድ ቁልቁለት ጨረሰችው! ለሚቀጥለው ጠብ እኔን አትጥሩኝ፣ እሷን ጥሯት» አሉ። የሳቀው ሰው ብዛት! ከሁሉ ይልቅ የሳቁት ሽንኩርት ሻጯ ናቸው።

ቅዳሜ፣ የመመለሻ መንገድ

አቶ ሰይድ ጨው ይዘው ደብረ ወርቅ ገበያ የሚወርዱ ነበሩና አብረውን ተሳፈሩ። ሁለት ጆንያ ጨው ከኋላ፣ መሪጌታና እሳቸው ከፊት ተጠባብቀው። አምና የወደቁበት ቦታ ስንደርስ ስለ ጨው ጥራት ይነግሩኝ ነበር፤ ወሬያቸውን አላቋረጡም፣ ድምፃቸውም አልተለወጠም። አቀበቱን ስንወጣ ራዲያተሯ ፈላ። ወርደው ጀሪካኑን ራሳቸው አቀበሉኝ፤ «ክዳኑን በጨርቅ ያዝ፣ እንዳያቃጥልህ» አሉኝ፤ ይህን ሥራ ሃያ ዓመት ለሠራሁት ለእኔ። ደስ እያለኝ በጨርቅ ያዝሁ።

አቶ ሰይድን ከነጨዋቸው ደብረ ወርቅ አውርጄ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢቸና ገባሁ። አሮጌ መኪና ለሚነዳ ሰው ከዚህ ጉዞ የሚተርፍ ምክር ካለ ይህ ነው፦ እኛ ስንገናኝ የምናወራው እንዴት እንደምናስነሣ ነው፤ በሳሙና ደፈንሁ፣ በጅማት አሰርሁ፣ በገፊ አስነሣሁ እያልን። ስለ መቆም ተጨዋውተን አናውቅም። እኔ ከእንግዲህ የምጀምረው ከዚያ ነው።

መሪጌታን አድርሼ ቤት ስገባ ባለቤቴ ጥሩወርቅ ደጅ ቆማ ነበር። ፊቴን አይታ እርቁ መሆኑን አወቀች፤ እልል ልትል አፏን ስትከፍት ያዝኋት። «ቆይ፣ መጀመሪያ ስሚኝ። አምና መቆም እችል ነበር። ዋሽቼሻለሁ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ማን ነገረሽ?»

«ዓመት ሙሉ የኋላ መስታወቷን ወደ ጣሪያው አዙረህ ነው የምትነዳት። መካኒክ ሆነህ መስታወት ማስተካከል አቅቶህ ነው ብዬ ላስብ? እስክትነግረኝ ነበር የጠበቅሁህ። በል እጅህን ታጠብ፣ እራት ቀርቧል።»

ታጠብሁ። ያን ማታ የበላሁትን ያህል የበላሁበትን ቀን አላስታውስም።