ከራስጌዋ የተነሳው ቢላ

ገንፎውን ይዤ ወደ መኝታ ክፍል ስገባ ልጄ መስከረም ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ሕፃኗ አጠገቧ ታለቅሳለች። ዞር ብላ አላየቻትም።

«መስኪ፣ ጡት ስጪያት እንጂ» አልኳት።

«እማዬ፣ ውሰጃት። እኔ ባልኖር ይሻላታል።»

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። እንባ የለም። የገበያ ዋጋ እንደሚነግር ሰው ነው ያለችው። ገንፎው እጄ ላይ ከበደኝ። አደጋው ያን ጊዜ ገባኝ።

ምልክቱ ቀደም ብሎም ነበረ፤ እኔ ሌላ ስም ሰጥቼው ነው እንጂ። ሕፃኗ ተኝታም እሷ እንቅልፍ የላትም። የምትጎርሰው እኔን ላለማስቀየም ነው። ብርድ ገብቷት ነው ብዬ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ጋቢ ደረብኩላት። ጠበል አስመጣሁ። ክፉ እንዳይቀርባት ብዬ በራስጌዋ፣ ከፍራሹ ሥር ቢላ አኖርኩ። እናቴም ለእኔ እንዲሁ አድርጋልኝ ነበር።

መስከረም የምትኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ባሏ በጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ይነዳል፤ ቃሊቲ ጭነቱን አራግፎ አንድ ሌሊት ያድርና ይመለሳል። እኔ አቃቂ ያለውን ቤቴን ዘግቼ ላርሳት መጣሁ። ጠያቂ አልጠፋም። ሰው በር ላይ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል፣ ከዚያ ዓይኑ ሕፃኗ ላይ ነው። አፍንጫዋ የአባቷ ነው፣ ጣቷ የአያቷ ነው ይባላል። መስከረም ፈገግ ትላለች። ሰው ሲወጣ ፈገግታዋም አብሮት ይወጣል።

ያን ቀን ሕፃኗን ታቅፌ በሩ ላይ ቆሜ ከድጃን ተጣራሁ። ከድጃ ታች ሱቅ ያላት የስልጤ ልጅ ናት። ሱቋን ለእህቷ ትታ ሮጣ ወጣች። መስከረም ያለችውን ነገርኳት።

«እትዬ ሙሉ፣ ይሄ ብርድ አይደለም። እኔም ሁለተኛዬን ስወልድ ይዞኛል። ጤና ጣቢያ ይውሰዷት።»

«ክርስትና ሳትነሳ? አራስ በሰማንያ ቀኗ ነው እንጂ እንዴት ትወጣለች?»

«እግሯ ቢሰበር ሰማንያ ቀን ትጠብቅ ነበር?»

እውነቷን ነበር። ግን ፈራሁ። ሰው አበደች ይላል ብዬ ፈራሁ። ከድጃ ክርክሩን ተወችው፤ «እሺ፣ አራሷ ካልሄደች ሐኪሟ ትመጣለች» ብላ ደረጃውን ወረደች። ሳይመሽ ሲስተር ሐናን ይዛ መጣች። ጤና ጣቢያው ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያገኛቸውን ሰዎች የምታማክር ነርስ ናት።

በር ላይ እጇን ይዤ «እባክሽ ምከሪልኝ፣ ተቆጪልኝ። እግዜር የሰጣትን ልጅ እኮ አላይም አለች» አልኳት። ከዚያ እንደ ልማዴ ሕፃኗን አቀረብኩላት።

«ቆንጆ ናት፣ እናቴ። እርስዎ ይያዟት። እኔ የመጣሁት መስከረምን ልጠይቅ ነው።»

ጫማዋን አውልቃ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔ ምክሩ መቼ ይጀመራል ብዬ ቆሜያለሁ። ብዙ ቆይታ «በጣም ደክሞሻል» አለች። ሌላ የለም።

ልጄ አለቀሰች። ከወለደች ወዲህ መጀመሪያዋ ነው። አራስ ማልቀስ የለባትም ልል ስል ሲስተር ቀና ብላ «ይተዋት ታልቅስ። እርስዎም አረፍ ይበሉ» አለችኝ።

ከዚያ ረጋ ብላ ጠየቀቻት። «መስኪ፣ ራስሽን ለመጉዳት አስበሽ ታውቂያለሽ?»

ደነገጥኩ። ይህ ይጠየቃል?

«አዎ» አለች ልጄ።

ጮኼ አማተብኩ። ሲስተር ግን አልጮኸችም፣ አላማተበችም። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለቻት። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «እናቴ፣ በራስጌዋ ያኖሩት ነገር አለ?»

ልማዳችንን ታውቃለች። ቢላውን ራሴ አወጣሁት።

«ወጥ ቤት ይመልሱት፣ ሌላውንም ስለት ያርቁልን። ጠባቂዋ እርስዎ ይሁኑ።»

በኋላ ኮሪደር ላይ፣ መጠየቋ ሐሳቡን እንዳያስይዛት መፍራቴን ነገርኳት። «ሐሳቡ ቀድሞም ነበረ፤ ስንጠይቃት ብቻዋን አትሸከመውም» አለችኝ።

በዚያው ቀን ነጠላ አልብሰን በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ሕፃኗን ከድጃ ያዘች። ዶክተሩ መርምሯት «ድህረ ወሊድ ድብርት ይባላል። በሽታ ነው፣ ይድናል። ስንፍናም ክፋትም አይደለም» አለን። ጡት ከማጥባት የማያግድ መድኃኒት አዘዘላት፤ ለብቻዋ አትተዉአት፣ ከሲስተርም ጋር እየተገናኘች ታውራ አለ።

መድኃኒቱ ቶሎ አልሠራም፤ ሳምንታት ፈጀ፣ ደህና ውላ በማግስቱ የምትወድቅበትም ቀን ብዙ ነበር። ጤና ጣቢያ እያመላለስኳት፣ እኔ ሲስተር የምትመክራት መስሎኝ ስጠብቅ እሷ ግን ባለፈው የነገረቻትን አንድም ሳትረሳ ከዚያው ትቀጥላለች፣ መስከረም ዝም ስትል አብራት ዝም ትላለች። አንድ ቀን ልጄ ተነስታ «ምን ታውቂያለሽ አንቺ! ማታ ቤትሽ ገብተሽ ለጥ ትያለሽ!» ብላ ጮኸችባት። እኔ በሃፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ሲስተር ግን «እውነትሽን ነው፣ እኔ እተኛለሁ። አንቺ ሌሊቱን እንዴት እንደምታሳልፊው ንገሪኝ» አለቻት። ልጄም ተቀምጣ ነገረቻት።

ሌላ ቀን ደግሞ እኔን ጠየቀችኝ። «እርስዎስ እናቴ፣ መስከረምን ሲወልዱ እንዴት ነበሩ?» ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ደህና ነበርኩ ልል አፌን ስከፍት ሌላ ነገር ወጣ። አቃቂ ከባቡር ሐዲዱ ጎን ባለችው ክፍል፣ የመስከረም ለቅሶ በሰማሁ ቁጥር ጥዬ መጥፋት ያምረኝ እንደነበር ተናገርኩ።

መስከረም ዞር ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ አንቺም?»

«እኔም፣ ልጄ።»

እጄን ያዘችው። እስክንወጣ አልለቀቀችኝም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ደንብ ወጣ፤ ጠያቂ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያናግረው እናቲቱን ነው። ደንብ አስከባሪዋ ከድጃ ናት። ሰው ወደ ሕፃኗ ሲያዘነብል «እሷ ስብሰባ ላይ ናት፣ እናቷን አናግሩ!» ትላለች፣ ሰውም እየሳቀ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ልጄን እንዴት አደርሽ፣ ተኛሽ ወይ ይላታል።

ክርስትናው ሲደርስ ገና አልዳነችም ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ሽንኩርት ስከትፍ ከመኝታ ክፍል ድምፅዋን ሰማሁ። «አንቺ ሆዳም፣ እኔንም ልትበዪኝ ነው?» ትላለች ለልጇ፣ እየሳቀች። ቢላውን አስቀምጬ ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስጽፍም እንደማወራው ነው። ልጇ እንዲህ የሆነችባት እናት ካለች ግን ልንገራት፤ እህቴ፣ ሰማንያውንም አርባውንም አትጠብቂ፣ ሰው ምን ይላል አትበይ። ጠበልሽን ያዢ፣ ሐኪሙንም ያዢ። አራሷን ተቀምጠሽ ስሚያት፤ አይዞሽ ብለሽ አፏን አትዝጊባት። ስለት ነገር ከአጠገቧ አርቂ። ማረሱ ሲከብድሽ አንቺም ለሰው ንገሪ።

ሲስተር ሐና፣ ልጄን ሳትቆጪ ስላዳንሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከድጃዬ፣ አንቺንም።

አሁን ሕፃኗ ግድግዳ ይዛ መራመድ ጀምራለች፤ እኔም አቃቂ ቤቴን ከፍቼ ገብቻለሁ። ልጄ ድናለች። ሌሊት እንቅልፍ ይወስደኛል፤ አልፈራም።