የብስኩት ሳጥኑ ዓሦች

ባለፈው ጥር ለሠርግ ነቀምቴ ሄጄ ነበር። የአዳራሹ መግቢያ ላይ መብራት ያለው ትልቅ የዓሣ ሳጥን አቁመዋል፤ ወርቃማ ዓሦች ይንሸራሸሩበታል። ጠጋ ብዬ ላያቸው ስል ከኋላዬ የሮማን ድምፅ መጣ። ሮማን የአክስቴ ልጅና እኩያዬ ናት፤ ድምፅዋ ግን እንደ እኔ አላረጀም።

«ኧረ ያዟት! ዓሣ አጠገብ እንዳታደርሷት! የኔን በቅናት የፈጀችብኝ እሷ እኮ ናት!»

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ፤ በሰው ሠርግ ምን ይደረጋል? ይህን ቀልድ በየሠርጉና በየለቅሶው ስታወራው ኖራለች። አሁን ደግሞ እኔ ልናገር።

የዲጋ ልጅ ነኝ። በጃንሆይ ጊዜ እዚያ የምማረው ክፍል ሲያልቅብኝ አባቴ ነቀምቴ ወስዶ ከእህቱ ቤት አስገባኝ። አዳዳ እላት ነበር፤ በእኛ ዘንድ የአባት እህት የምትጠራው እንዲያ ነው። ባሏ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ የአውራጃ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ሮማን አልጋ ላይ ትተኛለች፣ እኔ መደብ ላይ። ለሮማን አዲስ ጫማ ይገዛል፣ ለእኔ የሮማን አሮጌ ይደርሰኛል። አላጉረመረምኩም። እዚያ ቤት እስካለሁ ድረስ ትምህርት አለኝ፤ ከወጣሁ አበቃ። ይህን ሁላችንም እናውቀው ነበር፤ ሮማን ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ።

አንድ ቀን ጋሼ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ክብ የመስታወት ዕቃ በሁለት እጃቸው አቅፈው ከአውቶቡስ ወረዱ። ውስጡ የበሰለ ማንጎ የሚመስሉ ሁለት ዓሦች ነበሩ። «መንገድ ላይ አኖ ከተማ ሾፌሩን አስቁሜ ውሃ ቀይሬላቸዋለሁ፤ ለሮማኔ ናቸው» አሉ። እንደ እነዚያ ዓሦች የተመኘሁት ነገር አልነበረም።

ሮማን ለጓደኞቿ ሁሉ ካሳየች በኋላ ሰለቻት። አዳዳ ደግሞ በአጠገባቸው ባለፈች ቁጥር ዳቦ ትፈረፍርላቸዋለች፤ «እንግዳ ተርቦ ይደር እንዴ?» እያለች። ውሃው ደፈረሰ፤ ዓሦቹም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱ ጀመር። የሳይንስ አስተማሪያችንን ብጠይቃቸው፣ «ዕቃው ጠቧቸው ነው፤ አፉ ሰፊ የሆነ ፈልጊላቸው፤ አየር የሚያገኙት ከላይ ነው» አሉኝ።

ገበያው ዳር ሱቅ የነበራቸው ጉራጌው ጋሽ ከድር ብስኩት ይደረድሩበት የነበረ የመስታወት ሳጥን ጥጉ ተሰንጥቆ ጓሮ ጥለውታል። እናቴ የላከችልኝን አንድ ቅል ማር ይዤ ሄድኩ።

«ለዓሣ ነው የምትይው? ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ የኔ ልጆች በአንድ ክፍል ታጭቀው ነው የሚያድሩት፤ ዓሣ ሳሎን ሊገባ?»

ስቀው ስቀው ማሩን ተቀበሉ፤ ስንጥቁንም በመስኮት ስቱኮ ደፈኑልኝ። ስለዚህ ሳጥኑ የእኔ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

የወንዝ አሸዋ አጥቤ፣ ቀቅዬ ሳጥኑ ውስጥ አነጠፍኩና ዓሦቹን አዛወርኳቸው። የምንጩን ውሃ ማታ በእንስራ አሳድረዋለሁ፤ ብርዱ ሲለቅ የሳጥኑን ጥቂት ውሃ በጣሳ ቀንሼ እተካበታለሁ እንጂ ሁሉንም አልደፋም። ምግባቸው በጣት ቁንጥር ብቻ ሆነ፤ አዳዳንም ለምኜ አስተውኳት። ዓሦቹ ወፈሩ፣ ቀለማቸው ደመቀ። ስጠጋ ወደ እኔ ጥግ ይመጡ ነበር።

እንግዳ ሲመጣ ግን «የሮማን ዓሦች» ይባላል። ሮማን መስታወቱን በጣቷ እየነካች «እኔን ያውቁኛል» ትላለች። እኔ ትሪ ይዤ ከኋላ እቆማለሁ። ቀናሁ።

በመስከረም እናቴን ልጠይቅ ዲጋ ሄድኩ። በቅቤ የታሸ አንጮቴ፣ የአገራችንን ሥራ ሥር፣ አብልታኝ እሑድ ጠዋት ቡና በጫነ መኪና ተመለስኩ፤ መንገዱ ቀይ ጭቃ ነበር። ቤት ስደርስ ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ናቸው። የጋሼ አለቃ ባለቤት ከጸሎት በኋላ ለምሳ ይመጣሉ ተብሎ ቤቱ ተወልውሏል። ሳጥኑም ታጥቦ ያበራል። ሁለቱ ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አዙረው ተንሳፍፈዋል።

ጥጉ ላይ ነጭ አረፋ ነበር። እጄን ነክሬ አሸተትኩት፤ እንዶድ! ዲጋ ሴቶች ወንዝ ወርደው በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ከታች ትንንሽ ዓሦች ሞተው ሲንሳፈፉ አይቻለሁ። እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ በሩ ተከፈተ፤ ሮማን፣ አዳዳ፣ ጋሼና እንግዳይቱ ገቡ።

«ዓሦቼን! ምን አደረግሽብኝ?» ብላ ሮማን ጮኸች።

«ማል ተኤ? ምን ሆነ?» አለች አዳዳ።

«በእንዶድ ታጥቦ ነው! የተወቀጠበት ሙቀጫ ጓሮ ይኖራል፣ እዩት!» አልኩ።

«ዕድሜያችንን በእንዶድ ስናጥብ ማን ሞተ?» አለች አዳዳ።

ጋሼ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሮማን፣ ሳጥኑን ማን አጠበው?»

ሮማን የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠቀልል ጀመር። ጠቀለለች፣ ፈታች፣ ደግማ ጠቀለለች። ከዚያ፣ «ትቀናብኛለች፤ ሁልጊዜም ትቀናብኛለች» አለች።

ይኼኛው እውነት ነበር፤ ሁሉም ያውቁታል። ስለዚህ ሌላውንም አመኑ። ጓሮ ወጥቶ ሙቀጫውን ያየ የለም።

በሳምንቱ ዲጋ ተመለስኩ። ትምህርቴ እዚያው ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ የደረሰብኝ የራሴ ጉዳይ ነው። ሳጥኔን ሽንኩርት ማስቀመጫ እንዳደረጉት ሰማሁ።

በሠርጉ ላይ ሳቁ በረድ ሲል የሮማን የልጅ ልጅ አያቷን ጎተት አደረገቻት። «እማዬ፣ የኔም ዓሦች ይሞቱብኛል እኮ። ሳጥኑን ሁሌ በሳሙና ነው የማጥበው።»

እኔ ነኝ ቀድሜ የተናገርኩት። «ሮማኔ፣ ንገሪያት እንጂ። የዓሣ ሳጥን በምን ይታጠባል?»

ጠረጴዛው ሌላ ቀልድ መስሎት ጠበቀ። ሮማን የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ መጠቅለል ጀመረች። ጠቀለለች፣ ፈታች። አላየችኝም። ልጅቱን አጠገቤ አስቀምጬ በውሃ ብቻ እንደሚታጠብ፣ ውሃው እንዴት እንደሚያድር፣ ምግቡ ምን ያህል እንደሚበቃ፣ ሮማን እየሰማች አንድ በአንድ ነገርኳት።

ቀናተኛ ይሉኛል፤ ነኝ። ግን የቀና ሰው የቀናበት ነገር ጠፍቶ ምን ያተርፋል? ዓሦቹ የእኔ ቢሆኑ ነበር ምኞቴ፤ ለዚያ ደግሞ መኖር ነበረባቸው። በዚያ ቤት ዕድሜያቸውን ከእኔ አብልጦ የተመኘ ሰው አልነበረም።

ከጥር ወዲህ ከሮማን ጋር በሁለት ለቅሶ ተገናኝተናል። ያቺን ቀልድ አላወራቻትም። አጠገቧ ነው የምቀመጠው።