ሠላሳ ስድስተኛው ቁስል

ሲስተር የኔነሽ የተፈነከተ ራስ መስፋት ከጀመረች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው፤ የምትሠራው ግን ከወገዳ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ ትንሽ ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው። ሰኔ ላይ በወሰን የተጣሉ ይመጡላታል፤ ጥር ላይ ሰርግ ቤት ጠጥተው የተደባደቡ። በዱላ የተመታ ቆዳ ቀጥ ብሎ ይፈነዳል። በድንጋይ የተመታ ዙሪያው ይቀጠቀጣል። ከገደል የወደቀ ሰው ደግሞ መዳፉና ክርኑ ይላጣል፤ እጁን ሳይዘረጋ የሚወድቅ የለም። ይህን ሁሉ በሰማያዊ መዝገብ እያንዳንዱን ቁስል ቁጥር ሰጥታ ትጽፍ ነበር።

ሁለት መቶ ቁስል ሲሞላላት ጥናት አድርጋ ጻፈችው። ቁስል ላይ አመድ መነስነስ እንደሚገድል፣ ራሱን የሳተ ሰው በቃሬዛ ላይ በጎኑ መተኛት እንዳለበት፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ የደረሰና ያልደረሰ እንዴት እንደሚለያይ ቁልጭ አድርጋ አስቀመጠች። በክልሉ ያለ አንድ ኮሌጅ ለሚያሳትመው የጥናት መጽሔትም ላከችው።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ማቴዎስ ደወለላት። ጽሑፉን ወዶታል፤ በአማርኛ መጻፏን ግን አልወደደውም። መጽሔቱ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያትማል፤ ሆኖም ባለፈው ዓመት በአማርኛ የወጡት ጥናቶች ሁሉ ተደምረው የተጠቀሱት ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱንም የጠቀሱት ራሳቸው ጸሐፊዎቹ ናቸው። በእንግሊዝኛ ከሆነ ናይሮቢም ዴልሂም ያለ ተመራማሪ ያገኘዋል።

«ሲስተር፣ መጽሔትን የሚያኖረው እኮ መጠቀሱ ነው» አላት።

«የኔን ቁስለኛ የሚያኖረው ደግሞ አመድ አለመነስነሱ ነው። አመድ የሚነሰንሰው ዴልሂ ያለው ሰውዬ ነው እንዴ?»

ማቴዎስ ሳቀና ተሸነፈ። ለአማርኛ ጽሑፍ ከስድስት ገጽ በላይ እንደማይፈቀድ ግን አስታወቃት። የኔነሽ ቁጭ ብላ ከጽሑፉ ቆረጠች። ሠንጠረዡ ውስጥ ሠላሳ ስድስተኛው ቁስል መስመር ስላለፈባት መጨረሻው ላይ ያሉትን ሁለት ቃላት አወጣች። በመዝገቡ ላይ «ከኋላ የተሰነዘረ» የሚል ነበር።

ጽሑፉ ከወጣ ሁለት ዓመት ሞላው፤ የጠቀሰው አልተገኘም። ግን ፎቶ ኮፒው ወፍጮ ቤት በር ላይ ተለጠፈ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየጎጡ ወሰዱት። ቁስለኛ በንጹሕ ጨርቅ ታስሮ፣ በጎኑ ተኝቶ መምጣት ጀመረ። የኔነሽ ይህንንም መዘገበች።

በሦስተኛው ዓመት አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ መሪጌታ ፊልጶስ ፎቶ ኮፒውን ለሰንበቴው ማኅበር አነበቡት። መሪጌታው ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ድጓ ተምረው የመጡ፣ ትርጓሜም የሚያስተምሩ ናቸው። ምንም ይሁን ምን ሲያነቡ እንደ መጽሐፍ ነው፤ አንድ መስመር ይላሉ፣ ያቆማሉ፣ ይፈቱታል፤ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላውን ፍቺ ይጨምራሉ። ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ደረሱ። ጥቅምት፤ ወንድ፤ ሠላሳ አራት ዓመት፤ ከገደል ወደቀ ተብሎ በቃሬዛ የመጣ፤ መዳፉ ያልተላጠ፤ ከቀኝ ጆሮው በላይ በመጥረቢያ ጀርባ የተመታ፤ በመጣ በሁለተኛው ሰዓት የሞተ።

ስም አልተጻፈም። በዚያ ደብር በጥቅምት ወር ከገደል ወደቀ የተባለ ግን አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ይበልጣል። ታናሽ ወንድሙ ገብሬ እዚያው ዋንጫ ይዞ ተቀምጧል። መሪጌታ ቀና ብለው አላዩትም፤ ልማዳቸው ጎተታቸው።

«ቀኙን ማን መታው ቢሉ፣ ፊት ለፊቱ የቆመ ግራኝ» አሉ።

ገብሬ ዋንጫውን አስቀምጦ ተነሣ። በደብሩ ግራኝ አንድ ነው፤ ወልደ ገብርኤል፣ ከይበልጣል ጋር በወሰን ይካሰስ የነበረው። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱም እርሱ ነበር። መሪጌታ ቀጠሉ፤ «አንድም ከኋላው የመጣ ቀኝ እጅ» አሉ። ገብሬ ግን ከቅጥሩ ወጥቶ ነበር።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ወልደ ገብርኤልን ገብስ ሲሰፍር አገኘው። ሳያስጠነቅቅ መጥረቢያውን አነሣ። የመጀመሪያው ምት ትከሻውን ከፈተው። ሁለተኛው ሲመጣ ወልደ ገብርኤል ግራ እጁን ጋረደ፤ ሁለት ጣቶቹ ገብሱ ላይ ወደቁ። ሦስተኛው ያንኑ ክንዱን እስከ አጥንቱ ሰነጠቀው። ገበያተኛው ገብሬ ላይ በዱላ ወረደበት፤ ቅንድቡ ተተረተረ፣ ሁለት ጥርሱ ረገፈ። ቁስለኛውን ለማንሣት ሲራኮቱ ገብሬ አመለጣቸው።

ጤና ጣቢያው ውስጥ የኔነሽ የወልደ ገብርኤልን ክንድ ከላይ በጨርቅ ጠፍራ፣ የተቆረጠውን የደም ሥር በጣቷ ተጭና ይዛለች። ተሸክመው ያመጡት ሰዎች መኪና ፍለጋ ሮጠዋል። ገብሬ ደም የጠጣውን መጥረቢያ ይዞ ገባ።

«ሲስተር፣ ዞር በይ። አንች የጀመርሽውን ነው የምጨርሰው።»

«ምኑን ነው የጀመርሁት?»

«ወንድሜን ግራኝ ገደለው ብለሽ ጻፍሽ። በሰንበቴ ተነበበ።»

የቱን ቃል እንደቆረጠች ያን ጊዜ ትዝ አላት። ጣቷን አላነሣችም።

«መዝገቡ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ሰማያዊው። ሠላሳ ስድስትን አውጣና አንብብ። ከዚያ በኋላ ያሻህን አድርግ።»

ገብሬ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሯል። መጥረቢያውን በብብቱ ይዞ፣ ደሙ ከቅንድቡ ገጹ ላይ እየተንጠባጠበ፣ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቆመ። መልሶ አነበበው። ከኋላ የተሰነዘረ።

«ከኋላ ሆኖ ቀኙን የሚመታ ቀኝ እጅ ያለው ነው» አለችው። «ግራኝ ቢሆን ግራውን ነበር የሚያገኘው። ቦታ ጠቦኝ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ማነው?»

«አላውቅም። ይኸ ሰው ግን አይደለም።»

ገብሬ መጥረቢያውን ወለሉ ላይ ጥሎ ከግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ። ፖሊስ እስኪመጣ አልተነሣም።

የወልደ ገብርኤል ክንድ ተረፈ፤ እጁ ግን ከዚያ ወዲህ ሞፈር አይጨብጥም። በዚያው ሳምንት ማቴዎስ ደስ ብሎት ደወለ፤ ከጽሑፏ እንግሊዝኛ ማጠቃለያ አንድ ቁጥር በውጭ አገር ጥናት ተጠቅሷል። የኔነሽ እርማት ስንት መስመር እንደሚፈቀድ ብቻ ጠየቀችው። አራት ተፈቀደላት፤ በአማርኛ ጻፈችው።

ገብሬ በዋስ ሲወጣ ሽማግሌዎች ከወልደ ገብርኤል ጋር ለእርቅ አስቀመጧቸው። በደለኛ ድንጋይ ተሸክሞ ይገባል፤ ገብሬ ተሸክሞ ገባ። የኔነሽም ከበሩ ሌላ ድንጋይ አንሥታ ጫንቃዋ ላይ አደረገች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የጤና ባለሙያ እንዲህ እንደማታደርግ ሊነግሯት ሞከሩ።

«ግማሹ የኔ ነው» አለቻቸው።

ወልደ ገብርኤል ፊቷ ቆሞ አያት። ድንጋዩን እንደተሸከመች እርማቷን ለሁሉም እንድታነብ አዘዛት። አነበበች፤ አራቱንም መስመር። በደህና እጁ ድንጋዩን አወረደላት።

የገብሬን ግን ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ አላወረደለትም።